የመሃል ወንበር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ
ከስፌት ቤቴ

ሩቅ ለሚኖረው፣ ስልክ ለሚዘጋብኝ፣ ግን ለምሳሳለት ልጄ፤

እንደምን ከረምክልኝ? እኛ አለን። አባትህ ጉልበቱን ያማርራል፣ እኔ ደግሞ እሱን አማርራለሁ፤ በዚህ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። ይህን የምጽፍልህ የስፌት ማሽኑን ወደ ጎን ገፍቼ፣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቼ ነው። አሁን አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ዛሬ አልደረሰም ብዬ መለስኳት። ደርሷል፣ ተተኩሶም ተሰቅሏል። ግን እሷ ቆማ እያየችኝ ለአንተ መጻፍ አልሆንልኝ አለ።

በስልክ የጠየቅኸኝን በወረቀት ልመልስልህ። «ሦስቱንም መኪኖች ሄዳችሁ እዩና የእያንዳንዷን ደግና ክፉ ንገሪኝ» አልከኝ። እነግርሃለሁ። በስልክ ስለ መኪና ስናወራ አንተ አይሰለችህም፤ ጎማው፣ ሞተሩ፣ የቤንዚኑ ፍጆታ፣ ስትጠይቀኝ ትውላለህ። ወደ አባትህ፣ ወደ ቤታችን፣ ወደ እህትህ ወሬ ልገባ ስል ግን መስመሩ ይቆራረጣል። የሚገርመኝ የሚቆራረጠው በአንተ በኩል ብቻ መሆኑ ነው። ወረቀት አይቆራረጥምና ዛሬ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

ከሁሉ በፊት ልቤ ላይ ያለውን ላስቀድም፣ በኋላ በመኪና ወሬ መሃል እንዳይጠፋብኝ። አሠሪዎችህ ለዘለቄታው እዚያው ትቀር እንደሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገረን ብለውሃል። አንተም «አባዬ ሊያየኝ አይፈልግም፣ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» አልከኝ። ይፈልጋል ብዬ እንዳልምልልህ አላውቅም ነበር፤ አይፈልግም ብዬ ከምሸኝህም ሞቼ እገኛለሁ። አባትህ ከዚያ ከአደጋው ቀን ወዲህ ስለ አንተም ሆነ ስለ እሷ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። እንድትመጣ እፈልጋለሁ። መኪናው ሰበብ ነው፤ ግን ሰበቡ ራሱ የማላውቀውን ነገር አሳየኝ።

መኪና ለምን እንዳስፈለገን ታውቃለህ። የአባትህ ጉልበት ታክሲ መውጣትና መውረድ እምቢ ብሏል፣ ሐኪሙ ደግሞ ሳይሰለች ይቀጥረዋል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ መሪ ነክቶ አያውቅም። ስለዚህ በስተርጅና መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት እኔ ሆንኩ። ሳቅ፣ ፈቅጄልሃለሁ። ያስተማረኝ ሰውዬም ሲስቅብኝ ነው የከረመው። «እማማ፣ የኋላውን መስታወት በጣም ያያሉ፤ የሚሄዱት እኮ ወደ ፊት ነው» ይለኝ ነበር። ምን እንደምፈልግበት አልነገርኩትም።

አዲስ መኪና ካልሆነ ብሎ ድርቅ ያለው አባትህ ነው። ጎረቤታችን ጡረተኛው መካኒክ በደንብ የተያዘች ያገለገለች መኪና አግኝቶልን ነበር፤ አባትህ ግን ሊያያት እንኳ አልወጣም። «ማን እንደተቀመጠባት አላውቅም። ምን እንደሆነባት አላውቅም» አለ። መካኒኩ ሞተሯን ማለቱ መስሎት የሞተሯን ታሪክ ሲያስረዳው ቆየ። እኔ ገባኝ። አዲስ መኪና ባዶ ነው፣ ማንም የለበትም ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

እህትህን በስሟ መጥራት አሁንም አልችልም፤ አባትህ ባወጣላት ስም ሬዲዮ ልበላት። የድሮዋ መኪናችን ሬዲዮ ሲበላሽ ለምን አታሠራውም ስለው «ከኋላ ሌላ አለን፣ የጠፋው መዝጊያው ብቻ ነው» ብሎ ያሳቀንን ታስታውሳለህ። የኋላው ወንበር ሙሉውን ባዶ ሆኖ እንኳ መሃሉ ላይ ካልሆነ አትቀመጥም ነበር። በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል አንገቷን አስግጋ፣ አንዴ በእኔ ጆሮ አንዴ በእሱ ጆሮ፣ የትምህርት ቤቷን ወሬ ስትለቅብን ቤት እንደርሳለን። ያን ቀን አንተ ስትነዳም መሃሉ ላይ ነበረች። ካንተ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር፣ እሷ ግን መሃሏን አትለቅም። መሃሉ ላይ ደግሞ ያቺ አሮጌ መኪና ቀበቶ አልነበራትም።

መብራት ያልነበረው የጭነት መኪና ከጎን ወጣባችሁ። ፖሊሱ ጥፋቱ የአንተ አይደለም አለ። ያዩት ሰዎችም አሉ። እኔም አልኩ፣ ዛሬም እላለሁ። አባትህ ብቻ ምንም አላለም፤ አንተም የሰውን ሁሉ ቃል ትተህ የእሱን ዝምታ ይዘህ ሄድክ።

እንግዲህ ወደ መኪኖቹ።

የመጀመሪያዋ ረዥሟ ናት፣ ሻጩ ሴዳን የሚላት፣ የዕቃ መጫኛዋ ከኋላ ለብቻው የወጣ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፤ ክራባቱን ግን ለራሱ ቅጣት ያሰረው ነው የሚመስለው፣ አንገቱ ሥር ቀይ መስመር አውጥቶበታል። በልቤ ባለክራባቱ እለዋለሁ። በሩን ከፍቶልን ስለ ሁሉም ነገር አፉን ሞልቶ አስረዳን። እኔ ከቦርሳዬ የልብስ ሜትሬን ሳወጣ ግን ሳቁ አመለጠው።

«እማማ፣ ልኩ እኮ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።»

«ልጄ፣ ሌላ ሰው በለካው ሰፍቼ አላውቅም» አልኩት።

የአባትህን እግር ማሳረፊያ ለካሁ። የጎን ወንበሮቹን ለካሁ። የዕቃ መጫኛውን ለካሁ፤ የጨርቅ ጥቅሎቼ ሳይታጠፉ ይገቡበታል። ከዚያ ሳላስበው መሃሉን ለካሁ። ሜትሩን በሁለት ጣቴ እንደያዝኩ እዚያው ጎንበስ ብዬ ቀረሁ። የያዝኩት የእሷን የዳሌ ልክ ነበር፣ የመጨረሻውን ቀሚሷን የሰፋሁበትን። እኔ ሳላውቅ እጄ ሲለካላት ነበር። ባለክራባቱ «በቃ እማማ?» ሲለኝ ነው ቀና ያልኩት።

አባትህ ከኋላ በጎን በኩል ተቀመጠና የራሱን ቀበቶ አሰረ። ቀጥሎ የመሃሉን ቀበቶ ስቦ ባዶው ወንበር ላይ አሰረው። ቀጭ ሲል ሰማሁት። «ይሠራል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ባለክራባቱ ጥንቁቅ ገዢ መስሎት ደስ አለው። ከጎኔ ገባ፣ እኔም ሞተሩን አስነሳሁ።

አዲሶቹ መኪኖች ምን እንዳላቸው ልንገርህ፣ እዚያ አገር ታውቀው ይሆናል። ከመሪው ፊት ለፊት፣ የፍጥነቱ ቁጥር አጠገብ፣ የኋላ ወንበሮች ትንንሽ ምስሎች አሉ። ቀበቶ የታሰረበት ወንበር ላይ ትንሽ ሰው አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። ሁለት ሰው በራብኝ። አንዱ በጎን፣ አባትህ። አንዱ መሃል። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፣ መሃሉ ላይ ማንም የለም። ዓይኔን ወደ ታች መለስኩ፣ አለች።

«አባባ፣ የመሃሉን ይፍቱት፤ ባዶ ነው እኮ» አለ ባለክራባቱ።

«ተወው» አለ አባትህ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ ግን ልጁ ከዚያ ወዲያ ስለ መኪናዋ ጥሩነት አንድ ነገር አልነገረንም።

ነዳሁ። እናትህ አብዳለች እንዳትል፤ ጤነኛ ነኝ፣ ክር መርፌ ውስጥ ያለ መነጽር አስገባለሁ። ግን ከአንገቴ ሥር፣ እሷ አገጯን ታሳርፍበት በነበረው በኩል፣ ሞቅ ያለ አየር ይነካኝ ነበር። የመኪናዋ አየር ማሞቂያ ነው አልኩ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ «እማ ፍሬቻ» የሚል ሰማሁ። በዚያው ችኮላዋ፣ በዚያው ትዕዛዟ። እጄ ሄደ፤ እውነትም ፍሬቻ አላበራሁም ነበር። በመስታወቱ አባትህን አየሁት። እሱ መስኮት መስኮቱን እያየ ነበር፣ እጁ ግን መሃሉ ወንበር ላይ ነበረች።

የሴዳኗ ደግ፦ ስትሄድ የመንገዱን ጉድጓድ አትነግርህም፣ ዝም ብላ ትንሸራተታለች፤ ዕቃ ትችላለች፤ ረዥም መንገድ ለሚሄድ ቤተሰብ ከእሷ የተሻለች የለችም። ክፉዋ፦ ወንበሯ ዝቅ ያለ ነው፣ አባትህ ሲወርድ ሁለታችን ጎትተን አወጣነው። ለእኛ ጠባብ መንገድም ትረዝማለች፤ ስፌት ቤቱ በር ላይ ላቆማት ስል ከጎኔ ያለው የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ወጥቶ የራሱን ደረጃ ተከላከለብኝ።

ሁለተኛዋ ከፍ ያለችው ናት፣ አሁን ልጅ ያለው ሁሉ የሚገዛት። ውስጧ አዳራሽ ነው። ስትወጣባት እንደ ባለሥልጣን ነው የሚሰማህ፤ የሚያልፉትን ሰዎች መላጣ ከላይ ታያለህ። ለአባትህ ጉልበት ከሴዳኗ ትሻላለች፣ መውረድ እንጂ መነሳት የለባትም። ግን አፍንጫዋ የት እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም፣ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ወደ ኋላ ስትሄድ ስክሪኑ ላይ መንገድ ታሳይሃለች፣ ብትጠጋም ትጮህብሃለች። እኔ ስጠጋ አንድ ጊዜ ዝም ብላ አታውቅም። ቤንዚንም ከሦስቱ ይበልጥ ትጠጣለች።

እዚያም አባትህ የመሃሉን ቀበቶ አሰረ። የመሃሉ ወለል ጉብታ የለውም፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው። ባለክራባቱ ዝምታው ሲከብደው ጊዜ ሬዲዮውን ሊከፍት እጁን ዘረጋ። «እሱን አትክፈተው» አለ አባትህ። ልጁ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። አሳዘነኝ፤ ምን እንዳጠፋ አያውቅም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገርህ። እኔ እነዚያን ሁለት መኪኖች የፈራኋቸው ለርዝመታቸውና ለቤንዚናቸው አልነበረም። መስታወቱ ነው። የኋላው መስታወት የተሠራው መሃሉን ለማሳየት ነው፣ ቀና ባልክ ቁጥር የምታየው ያንን ባዶ ወንበር ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ ያንን እያየሁ መኖር አልችልም አልኩ ለራሴ። መኪናው የሚገዛው ለእኛ ለሁለታችን ነው፤ ለሁለት ሰው ትንሿ ትበቃናለች ብዬ ቆርጬ ነበር።

ሦስተኛዋ ትንሿ ናት፣ ሃችባክ የሚሏት። ከኋላዋ በመቀስ የተቆረጠች ነው የምትመስለው፣ የዕቃ መጫኛዋም ከውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ነው፤ ጥቅሎቼ ከነጭራሹ አይገቡም፣ የኋላውን ወንበር ካላጠፍኩላቸው በቀር። ግን ወደድኳት። በእኛ መንገድ አንዴ ዞራ ትመለሳለች። በዳቦ ቤቱና በእኔ በር መካከል ትገባለች፣ ሰውዬው ዓይኑን አላመነም። ወንበሯ ለአባትህ ጉልበት ዝቅም ከፍም አይልበትም፣ ልኩ ነው። ቤንዚን አትጠጣም ማለት ይቻላል፤ ትቀምሳለች። ሁሉንም በሳቅ እየነገርኩት የኋላውን በር ከፈትኩለት።

ከኋላ ያላት ሁለት ወንበር ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ጠርሙስ የሚቀመጥበት ጠንካራ የፕላስቲክ ገበታ አለ።

አባትህ አየው። አልገባም። በሩን እንደያዘ ቆመና «ለሬዲዮ ቦታ የላትም» አለ።

ልጄ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ ከአፉ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ባለክራባቱ ምስኪን «አይ አባባ፣ ሬዲዮማ አላት፣ ከፊት ነው» አለው። እኔ ልስቅ ነው ላለቅስ ነው አላውቅም። ልጁም ነገር የተበላሸበት መስሎት በሥራው መንገድ ሊያስተካክለው ሞከረ።

«ቆይ፣ ቤተሰቡ ስንት ነው?» አለን።

እኔ «ሁለት» አልኩ። አባትህ «አራት» አለ። እኩል ነው ከአፋችን የወጣው።

ባለክራባቱ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየ። የተጣላን ባልና ሚስት ማስታረቅ ለምዶበታል መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ «እሺ፣ ሦስት እንበለው» አለ።

ለሽምግልና የጣለው ቁጥር እውነተኛው ሆኖ ተገኘ። ሦስት ነን። እኔ የሞተችውን ስቀንስ አንተንም አብሬ ቀንሼሃለሁ፤ አባትህ አንተን ሲቆጥር እሷንም አብሮ ቆጥሯል። ሁለታችንም በትክክል የት እንዳለህ አላወቅንም። ወደ ቤት በታክሲ ስንመለስ አባትህ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። እኔ ትንሿን አልኩ፣ እሱ ትልቋን። መልስ ስጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ። «መሃል የሌላት መኪና ቤቴ በር ላይ አትቆምም» ብቻ ነው የሚለው። እኔም አልቻልኩም፣ «መሃል ያላትን አንተ ንዳታ!» አልኩት። መጥፎ ቃል ነበር፣ ወዲያው አውቄዋለሁ። ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየወጣ መሄድ አመጣ። ሐኪሙ ለጉልበትህ ተራመድ ብሎኛል አለኝ፣ እኔም ይሁን አልኩ። በተቀየምኩት ሰው መንገድ ላይ ምን ቁርጥ አድርጎኝ እገባለሁ? ትናንት ግን ስፌት ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ጠራ። ባለክራባቱ ነው።

«እማማ፣ እንዳይደነግጡ። አባባ እዚህ ናቸው። በየቀኑ ይመጣሉ» አለኝ። «አይነዷትም፣ ዝም ብለው ይቀመጡባታል። የመሃሉን ቀበቶ ማንም እንዳይፈታው ብለውኝ እኛም አልፈታነውም። ዛሬ ግን ትንሽ ቆዩብኝ።»

ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። ከመንገዱ በትልቁ መስታወት በኩል አየሁት። ከፍ ያለችው መኪና ውስጥ ነው፣ በቆመች፣ የመሪው ሰሌዳ ብቻ በበራባት መኪና ውስጥ። ያለው ግን ከኋላ አልነበረም። መሪ ላይ ነበር። ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ መስታወቱ ላይ። ፊቱ የማላውቀው ሰው ፊት ነበር። ገበያተኛው ይመጣል ይሄዳል፣ አንዲት ሴት የመኪናዋን ጎማ ታያለች፣ ልጇ የፊት መብራቷን ይነካል፤ እሱ አንዳቸውንም አያይም።

በሩን ከፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አላየኝም፣ ግን እኔ መሆኔን አወቀ።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።

«እሱ የሚያየውን» አለ።

ስለ እሱ ሲናገር ማንን ማለቱ እንደሆነ ልጠይቀው ፈራሁ፣ ብጠይቀው ይተወዋል ብዬ።

«እኔ አውቶቡስ ስነዳ ከኋላዬ ሁልጊዜ ሰው ሙሉ ነው» አለ። «አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። መስታወቱን አየዋለሁ፣ ማንንም አላይም። እሱ ግን ከኋላው የነበረችው አንድ ሰው ናት። ቀና ባለ ቁጥር እሷ ናት። ሌላ ነገር አያሳይም ይሄ መስታወት፣ ነይ እዪው።»

«አውቀዋለሁ» አልኩት። «ነድቼዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ መቼ ታናግረኛለህ?»

እጁን ከመሪው አላነሳም። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ይሄ ልጅ እስካሁን እንዴት ችሎ ኖረ?» አለኝ።

ይህን ነው ልጄ ልነግርህ የፈለግኩት። ሌላው ሁሉ ጎማና ሞተር ነው። ከእኔ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው እያየኝ ነው የጠየቀኝ፣ እኔ ግን አልነበረኝም። አንተ ታውቀው ይሆናል። እንዴት ቻልከው? እኔስ፣ እናትህ፣ ስለ ቤንዚን ስትጠይቀኝ ስለ ቤንዚን እየመለስኩልህ ለምን አንድ ቀን እንዲህ ብዬ ሳልጠይቅህ ቀረሁ?

ከዚያ «ትንሿን ግዢ» አለ።

ማመን አልቻልኩም። «ለእሷስ?» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ለትንሿ ስሟገት የከረምኩት እኔ።

«የእሷን ቦታ ስፈልግ የእሱን ቦታ ረሳሁት» አለ። «ይህቺኛዋን ከገዛን ይሄ ልጅ መጥቶ አንድ ቀን አይነዳትም። አይቼዋለሁ። አይቻልም።»

ወርዶ፣ ጉልበቱን እየደገፈ፣ በኋላው በር ገባ። የመሃሉን ቀበቶ ፈታ። አዲስ ቀበቶ ስትለቀው ተስፈንጥሮ ነው የሚገባው፤ እሱ ግን አለቀቀውም፣ እስከ መጨረሻው በእጁ ይዞ ቀስ አድርጎ መለሰው፣ የተኛ ልጅ እንዳይነቃበት የሚጠነቀቅ ሰው ሆኖ። ከመሪው ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ አረንጓዴ ሰው ጠፋች።

ያንን ባዶ ወንበር ፈራሁት ስልህ የነበርኩት እኔ አይደለሁ? መብራቱ ሲጠፋ ያለቀስኩትም እኔ ነኝ። አሸንፌ፣ የፈለግኩትን መኪና አግኝቼ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሴዳኗን ስነዳ መስታወቱን ፈርቼ ዓይኔን ወደ ታች ስመልስ፣ እሷን ላለማየት አልነበረም። እዚያ እንዳለች ላረጋግጥ ነበር። አሁን ገባኝ። ባለክራባቱ ወንበር አመጣልኝ፣ ውሃ አመጣልኝ፣ ክራባቱን ራሱ ፈትቶ ሊያራግብልኝ ነበር ማለት ይቻላል። ወረቀቱን እዚያው ፈረምን። ቀለሟን አባትህ መረጠ፣ የማይቆሽሽ ግራጫ።

ስለዚህ ለጥያቄህ መልሱ ይህ ነው። ረዥም መንገድና ብዙ ዕቃ ላለው ሴዳኗ። ልጆች ላሉት፣ ሰፊ መንገድ ላለውና ቤንዚን ለማያሳስበው ከፍ ያለችው። ለእኛ ለሦስታችን ትንሿ። አባትህ ከፊት ይቀመጣል፣ ጉልበቱ እንዲዘረጋ፤ እኔ ከኋላ በጎን፣ ከጥቅሎቼ ጋር። መሪው ላይ እስክትመጣ እኔ አለሁ፣ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ይቻለኝ።

ለአሠሪዎችህ ምን እንደምትላቸው አንተ ታውቃለህ፣ አላስገድድህም። እያስገደድኩህ ነው፣ አውቃለሁ። ትናንት ማታ እራት ላይ አባትህን «አንድ ቃል ጻፍለት፣ ና በለው» አልኩት። ዝም አለ፣ እንደምታውቀው ዓይነት ዝምታ። ልቡ ዘግቶ አይደለም ዝም የሚለው፤ እዚያ መኪና ውስጥ ስለ አንተ የተናገረውን በጆሮዬ ባልሰማ ኖሮ እኔም እንደ አንተ ይመስለኝ ነበር። ይህን ወረቀት ዛሬ ማታ እሰጠዋለሁ፤ ከታች ቦታ ትቼለታለሁ። ባዶውን ከመጣልህም አንብበው።

ምግብህን ብላ፣ ሲበርድህ ደርብ። መንገድ ስትሻገር ሁለቱንም ወገን እይልኝ። ፈጣሪ በሄድክበት ከፊትህ ይሁን፣ ሌሊትህን ያቅልልህ፣ በሰላም አገናኝቶን ዓይንህን ልየው። አፈር ስሆንልህ፣ በዚህ ደብዳቤ ላይ ስልክ እንዳትዘጋብኝ።

የምትናፍቅህ
እናትህ

ዓርብ

እናትህ የጻፈችውን አነበብኩ። ስለ ቤንዚኑ ያለችህ ልክ አይደለም። የሞከረቻት ባዶዋን፣ ሜዳ ላይ ነው፤ ትንሿ ሰው ስትይዝ ዳገት ላይ ትለፋለች፣ ያኔ ትጠጣለች። ጎማዋም ቀጭን ነው፣ በዝናብ ቀስ ብሎ መያዝ ይፈልጋል። ሆኖም ጥሩ መኪና ናት።

ዛሬ ጠዋት ሄጄ የሾፌሩን ወንበር ለአንተ ቁመት ወደ ኋላ ገፋሁት። ተቀምጬ አየሁት። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው መንገዱ ብቻ ነው።

አባትህ